ጓሮ ያለው ጠረጴዛ

ኖቲንግሃም ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ባሌ ክላይቭ ዕቃ ከቤት ማሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ የምሳ ዕቃዬና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁ፣ ቀጥሎ የራስጌ መብራቴ ጠፋ። ሌላ ጎጆ እየቀለሰ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተከትዬው ጓሮ ካለችው ክፍል ገባሁ። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቷል። አውራ ጣት የማያህሉ የአሻንጉሊት ወታደሮች በጠርሙስ ቡሽ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል። አጠገባቸው መብራቴ በርቷል፤ የምሳ ዕቃዬ ውስጥ በተነጠፈው ስፖንጅ ላይ ደግሞ የተበጠበጠ ቀለም አለ።

"ምንድነው ይሄ?"

"እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ፣ ቤሪልዬ። ስፖንጁ እርጥብ ከሆነ ቀለሙ አይደርቅም።"

አንዱን አነሳሁት። ቅንድቡ ሳይቀር ተስሏል። ልቤ ረጋ።

"ማን አስተማረህ?"

"ግሌንዳ። ሐሙስ ሐሙስ የምሄድበት የአሻንጉሊት ቀቢዎች ክበብ ውስጥ ያለች..."

"ግሌንዳ?" ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "በል ብሩሽ ስጠኝ። ሐሙስ አብሬህ እሄዳለሁ።"