ዳኛ ያልፈረመበት ወረቀት

ወረቀቱ ከፋክሱ የወጣው ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ዶሪን ካልዳ ሳታነበው ምን እንደሆነ አወቀች። የማርሎው ካውንቲ እስር ቤት የመልቀቂያ መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠች ሴት ናት፤ የፌዴራሉን የስደተኞች ፖሊስ ወረቀት ከሩቅ ትለየዋለች። «አንሰልሞ ጾክ የተባለውን ግለሰብ እስክንደርስ ያዙልን» ይላል። ከታች ፊርማ አለ። መነጽሯን አስተካክላ ፊርማውን ደግማ አየችው። የዳኛ ሳይሆን የአንድ መኮንን ነው።

አገሩን ለሁለት የከፈለችው እንግዲህ ይህች ፊርማ ናት። የግዛቲቱ ሕግ «ዳኛ ካልፈረመበት አንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳትይዙ» ይላል። ፌዴራሉ ደግሞ «የስደተኛ ጉዳይ የኔ ነው፤ ግዛት ምን አግብቶት» ባይ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ከረባታቸውን አስረው፣ ቀዝቃዛ ውኃ እየተጎነጩ፣ በየፍርድ ቤቱና በየቴሌቪዥኑ ይከራከሩበታል። ማርሎው ላይ ግን ክርክሩ የሚያርፈው በዶሪን ጣት ላይ ነው፤ የብረት በሩን የሚከፍተውን አዝራር የምትጫነው እሷ ናትና።

አንሰልሞ የእንቁላል ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ ሁለት ሌሊት አድሯል። ጠዋት ዳኛዋ «የታሰረው ይበቃዋል፤ ልቀቁት» ብላለች። ዶሪንም እንደ ልማዷ ለሚስቱ ደውላ «ማርሴላ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ይወጣልሻል፤ መጥተሽ ውሰጂው» አለቻት። ማርሴላም እንደ ባሏ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው አያወራውም። አሁን በመስኮቱ ስታይ የማርሴላ አሮጌ መኪና ከበረዶው ክምር አጠገብ ቆማለች። ሴትዮዋ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ የእስር ቤቱን በር ታያለች።

ዶሪን በገዛ እጇ ነው የጠራቻት።

የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፍ ጋርዝ ሆሉብ፣ ከቢሮው ብቅ አለ። ገና በቁምጣ ሲሮጥ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዛሬ በምርጫ የተሾመ አለቃዋ ነው።

«ዶሪን፣ ኮምፒውተሩ ዛሬ ቀርፋፋ ነው አይደል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ቀርፋፋ ነው» አላት ረጋ ብሎ። «የፌዴራሉ ሰዎች ከከተማ ተነሥተዋል። ብዙ አይቆዩም።»

«ጋርዝ፣ ዳኛ አልፈረመበትም እኮ።»

«ያዢው አልኩሽ? አልወጣኝም። ኮምፒውተር ቀርፋፋ ነው፣ ነው ያልኩት።» ጃኬቱን ከመስኮቷ አጠገብ ካለው መስቀያ ላይ ሰቀለና የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ከጠረጴዛዋ ላይ አነሣ። «ይሄ እኔ ጋ ይሁን። ምሳዬን ልብላ።» ቢሮው ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

እስረኛ ዕቃውን ሳይረከብ፣ እሱም እሷም ሳይፈርሙ አይወጣም። ጋርዝ «ያዢ» የሚል ቃል ከአፉ ሳያወጣ ሰውየውን ቆልፎበት ሄደ።

ዶሪን ፈራች። ፍርሃቷም ከሁለት ወገን ነው፤ ብትይዘው ከግዛቲቱ፣ ብትለቀው ከአለቃዋና ከፌዴራሉ። አምና በጎረቤት ካውንቲ አንዲት ጓደኛዋ እንዲሁ «ቀርፋፋ ነው» ተብላ አዘግይታ ነበር። የግዛቲቱ ጠበቆች ከሰሱ፤ ሴትዮዋ ከሥራ ተባረረች፤ ሸሪፉ ግን በምርጫው ተመልሶ ገባ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ለዶሪን ጡረታ የቀራት ሁለት ክረምት ነው፤ የባሏም የኩላሊት ሕክምና በሷ የሥራ መድን ነው የሚሸፈነው።

ስልኩ ጮኸ።

«ከፌዴራል ነው የምደውለው፣ ወይዘሮ። ጾክ የሚባለው ግለሰብ እዚያው ነው?» ድምፁ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ይበልጥ አስፈራት።

«መናገር አልችልም። የግዛቱ ሕግ ይከለክለኛል።»

«ይሁና። የግዛቱ ሕግ የፌዴራል መኮንን ማደናቀፍስ ይፈቅድልዎታል?»

ዶሪን ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«አይጨነቁ፤ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን» ብሎ ዘጋው።

ሃያ ደቂቃ። ሰዎቹ ሲደርሱ አንሰልሞን ከውስጥ፣ ማርሴላን ከደጅ ይለቅማሉ። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ ማን ይቀበላቸዋል? ዶሪን ከወንበሯ ተነሣች።

ሄዳ አንሰልሞን ከክፍሉ አወጣችው። የመልቀቂያ ቅጹንና እስክሪብቶውን መስኮቱ ላይ አኖረችለት።

«ፈርም።»

«ዕቃዬስ፣ ሚስስ ዶሪን? ካፖርቴ፣ ቡትስ ጫማዬ፣ ስልኬ...»

«ፈርም አልኩህ።»

ፊቷን አየና ፈረመ፤ ዕቃዬን በሙሉ ተረክቤያለሁ ብሎ። እሷም ከሥሩ፣ ሲረከብ አይቻለሁ ብላ ፈረመች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ወረቀት ላይ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው። ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰለ።

ሰውየው የለበሰው እጀ ጉርድ የሆነ ብርቱካንማ የእስረኛ ሸሚዝ ነው፤ እግሩ ላይ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ። ደጅ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ብርዱስ ይሁን፤ ያ ሸሚዝ ግን ከአንድ ማይል ይታያል። የሷ ካፖርት ያለው ምድር ቤት ነው፤ ወርዶ ለማምጣት ጊዜ የለም። እጇን ወደ መስቀያው ሰደደችና ያገኘችውን አወረደች። ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ የሸሪፍ ኮከብ ተሰፍቶበታል።

«እንካ፣ ልበስ።»

«ይሄማ የ...»

«ልበስ።»

«ሚስስ ዶሪን፣ በኔ ምክንያት ያስሩዎታል።»

«ወረፋው ያንተ ነው፤ እኔ ከኋላህ ነኝ። ሂድ አሁን። እንዳትሮጥ።»

አዝራሩን ተጫነች። የብረት በሩ እየተንቋረረ ተከፈተ። አንሰልሞ በባዶ እግሩ ባይባልም ከባዶ በማይሻል ጫማ በረዶውን እየረገጠ ሄዶ ሚስቱ መኪና ውስጥ ገባ። መኪናዋ ተንሸራታ ወደ ግቢው በር አመራች።

በሩ ላይ ነጭ ቫን መጣ።

መግቢያው ጠባብ ነውና ሁለቱ መኪኖች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ቆሙ። ዶሪን ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በዚያ አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ አድርጎ ሰላም ይላል፤ የማያደርገው ባዕድ ብቻ ነው። ማርሴላ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ኖራለች። ጣቷ በልማድ ተነሣ። የቫኑ ሹፌር ወደሷ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ጎኗ፤ ከዚያ ዓይኑ ኮከቡ ላይ አረፈ። እጁን ለባልደረባ እንደሚያነሣ አነሣና ወደ ኋላ ተመልሶ መንገድ ለቀቀላቸው።

ጋርዝ አፉን እየጠረገ ሲወጣ ከቫኑ የወረዱ ሦስት መኮንኖች ገብተዋል።

«ሰውየውን ልንረከብ ነው» አለ ፊተኛው።

«ወጥቷል» አለች ዶሪን። ቅጹን ገፋ አደረገችለት።

መኮንኑ አነበበው። «የሰጠው አድራሻ ጋ ቀድመን ሄደን ነበር፤ ባዶ ቤት ነው። የት እንደሚኖር የሚያውቅ አለ?» ወደ ጋርዝ ዞረ። «ለመሆኑ ስንገባ ከአንዲት ሴት ጋር የወጣው ፖሊሳችሁ ማነው?»

ጋርዝ የምን ፖሊስ ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ባዶው መስቀያ ላይ ሄደ፤ ከዚያ ዶሪን ላይ። ጆሮው ቀላ። ዶሪን ሲያሰላ አየችው። እውነቱን ቢናገር የግዛቲቱ ጠበቆች የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ የት እንደነበር ይጠይቁታል፤ ካውንቲው ደግሞ እስከ ምርጫው ይስቅበታል።

«ተረኛችን ነው» አለ በመጨረሻ። «ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ነው።»

ሄዱ። ዶሪን ወንበሯ ላይ ተዘረፈጠች፤ ዕንባዋ መጣ። ለጥቂት ደቂቃ ያህል ያለቀ መሰላት።

ጋርዝ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። አልጮኸም።

«ሰኞ ጃኬቴን ይዘሽልኝ ነይ።»

«አዲስ እገዛልሃለሁ።»

«አዲስ ምን ያደርግልኛል? ያንኑ ነው የምፈልገው። ያለበትን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሂጂና አምጪው።» ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና ፈገግ አለ። «ቅዳሜም እሑድም አለልሽ፤ አትቸኩዪ።»

ያን ጊዜ ገባት። የፈለገው ጃኬቱን አይደለም፤ የሷን መንገድ ነው፤ ተከትሎ የእነአንሰልሞን ቤት ለማወቅ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከግቢው ስትወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የእህል ጎተራዎቹን እንዳለፈች ከኋላዋ የመኪና መብራት አየች። የጎረቤት ይሆናል፤ ዓርብ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። ፍጥነቷን ስትቀንስ መብራቱም ቀነሰ። እነአንሰልሞ የሚኖሩበት ሰፈር መታጠፊያ ጋ ስትደርስ አንገቷን እንኳ ሳታዞር፣ መሪውን ጨምድዳ ይዛ ቀጥ ብላ አለፈች። መብራቱም ቀጥ ብሎ ተከተላት።