ከዒላማው ጎን

መንደሩ በአክብሮት «አፕ» የሚለው ሽማግሌው ናዶ በሩን በግማሽ ከፍቶ ላዞምን ከእግር እስከ ራሷ አያት። በሁለት እጇ የያዘችውን ቅቤ ግን እንዳላየ አለፈው።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«የሳንጌይ ሚስት እኔን ምን ታደርገኛለች? የሚፈልገኝ የሳንጌይ ፍላጻ ነበር፤ እሱም አግኝቶኛል» አለና ግራ እግሩን በዱላው መታ መታ አደረገ።

ላዞም አንገቷን ደፋች። ታሪኩን በጌምካ መንደር የማያውቅ የለም። ከብዙ ዓመት በፊት በአዲስ ዓመት ግጥሚያ፣ ናዶ እንደማንኛውም ቀስተኛ ከዒላማው አጠገብ ቆሞ ይጨፍር ነበር፤ የራሱ ወገን ሲወረውር በምልክት እየረዳ፣ ባላጋራ ሲወረውር እየተሳደበ። የባሏ ፍላጻ ዒላማውን ስቶ ጉልበቱ ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ናዶ ደጋን አልሳበም። ሳንጌይንም አላናገረውም፤ ሲሞት እንኳ ለቅሶው ላይ አልቆመም።

«ልጄን ያስተምሩልኝ» አለች ላዞም።

«ጃምጾን? ዋና ከተማው ቲምፉ ውስጥ ሽልማት በሽልማት ሆኗል ሲሉ አልነበረም እንዴ?»

«እዚያ የሚወረውረው በዚያ መንኮራኩር ባለው ዘመናዊ ደጋን ነው። የእኛ የቀርከሃ ደጋን እምቢ አለው። በስልኩ እያየ ይለማመዳል፣ ግን…»

«በስልኩ!» ናዶ ሳቀ። ሲያኝከው የነበረው ቅጠል ጥርሱን ደም አስመስሎታል። «እንግዲያው ከሎብጂ መንደር ሰዎች ጋር ስንገጥም ስልኩን ይወርውርባቸው!»

በሩን ሊዘጋ ሲል ላዞም እግሯን አስገባች። የመጣችበትን ሳትናገር የምትመለስ አልነበረችም። የቡድኑ አለቃ ፔንጆር በሰው ፊት ተናግሯል፦ ያ የሳንጌይ ልጅ አዲስ ዓመት ላይ ደጋን እንዲይዝ ከተፈለገ ናዶ ራሱ ይመስክርለት፤ ያለዚያ ሰው ይወጋብናል። ጃምጾ ከተማውን ትቶ የአባቱን ማሳ ሊያርስ ተመልሷል። ቡድኑ ያልተቀበለውን ወንድ ደግሞ መንደሩ እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። ይህን ታውቃለች። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነው፤ ቢቀበሉትና እንደ አባቱ አንድ ሰው ቢወጋስ?

ናዶ በሩን መግፋቱን ተወ።

«አስተምረዋለሁ። ግን እሱ ሲወረውር አንቺ ከዒላማው ጎን ትቆሚያለሽ። በግጥሚያ ቀን የሎብጂ ሴቶች ሊያስቱን በሚቆሙበት ቦታ። እንደነሱም ትሰድቢዋለሽ።»

«ልጄን?»

«እነሱ የሰው ልጅ ነው ብለው ይምሩታል?»

«ቢስትስ?»

«ቢስት ማን ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። እኔም አንዴ እዚያ ቆሜ ነበር» አለ። ሊበቀላት እንደፈለገ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ለመደበቅም አልሞከረም። ላዞም ቅቤውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ መስኩ ላይ አመዳይ ነበር። ደጋኑ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሴት ከተሻገረችው ዕድሉ ይበላሻል ስለሚባል ላዞም ዙሪያውን ዞራ ወደ ዒላማው ሄደች። መንገዱ ሩቅ ነው። ከዚያ ሆና ስታየው ልጇ የጣት ያህል አነሰባት።

ጃምጾ አውታሩን ሳበ፤ ስቦም ያዘ፤ ይዞም ቆየ። የናዶ ዱላ ክርኑ ላይ አረፈ።

«ምን ትጠብቃለህ? አውቶቡስ? ቀርከሃ እንደዚያ ማሽንህ ሸክሙን አይዝልህም! ሙሉ ሲሆን ልቀቀው!»

ፍላጻው ወደ ግራ ሄዶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ናዶ ወደ ላዞም ጮኸ፦

«አንቺስ? አፍሽ የት ሄደ?»

«አንተ… አንተ ሰነፍ!» አለች።

«ለምሳ እየጠራሽው ነው?»

ጃምጾ ሳቀ። ላዞምም ልትስቅ ነበር። «ክንድህ እንደ አሮጊት ክንድ ይንቀጠቀጣል!» አለች ጮክ ብላ። ልጇ አሁንም ሳቀ፤ አሁንም ሳተ። እንዲህ እያሉ ቀናት አለፉ። እሷ ስትሰድብ ልመና ይመስላል፤ እሱ ስቦ ይጠብቃል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ፍላጻው ወደ ግራ።

አንድ ጠዋት ናዶ ያንን ሁሉ መንገድ እያነከሰ ወደ እሷ መጣ።

«የሎብጂ ሴቶች ስለ ክንዱ የሚያወሩ ይመስልሻል? ስለ አባቱ ነው የሚዘፍኑት። ያንን ስም ሲሰማ ነው እጁ የሚከዳው። ዛሬ ከአንቺ ካልሰማው የዚያን ዕለት ከነሱ ይሰማዋል። በይ!»

ላዞም ልጇ አውታሩን እስኪስብ ጠበቀች።

«የአባትህ ፍላጻ ጉልበት በላ! ያንተው ደግሞ ምን ሊበላ ነው?»

የጃምጾ ክንድ ወረደ፤ ፍላጻው ግን ወጥቶ ነበር። እየተወዛወዘ መጥቶ እግሯ ሥር ቀሚሷን ነክቶ ተተከለ። ላዞም አልተንቀሳቀሰችም። ዞር ማለት እንዳለባት እንኳ አላስታወሰችም። ጃምጾ ደጋኑን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ፣ እርስዎ ማለቱን ረስቶ፤ «እናቴን ልታስገድለኝ ነው?»

«ደጋኑ በማን እጅ ነበር?» አለ ናዶ።

ጃምጾ ወደ እናቱ ዞረ። «ይቅር። ተውኩት። ደስ ይበልሽ!»

ላዞም መሬት ላይ የተተከለውን ፍላጻ አየች፣ ልጇን አየች። አፏን ስትከፍት ልታባብለው ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ተወው! መተው እንደሆነ ታውቅበታለህ! አባትህ ስምህን እየጠራ ሲሞት አንተ ቲምፉ ሽልማት ትቀበል ነበር!»

ናዶ እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ጃምጾ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ያንን ሁሉ መንገድ ተመለሰ፤ ደጋኑን አነሳ፤ ሳበ። አልጠበቀም። ዒላማው ከላዞም ጎን ጧ ብሎ ጮኸ፤ ፍላጻው እንጨቱ መሃል ቆሞ ይርገበገብ ነበር።

ላዞም አለቀሰች። ናዶ ግን አልተደሰተም።

«በንዴት የተመታ አይቆጠርም» አላት። «ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ያልሽውን። እስኪሰለቸው ድረስ።»

ደገመችው። ያንን ዕለትም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። መጀመሪያ ስትለው ልጇ ይስት ነበር። ቃሉ ግን በየቀኑ እንደሚታሸት ሳሙና እየቀጠነ ሄደ። እሱ አባቱን እየሰማ መሳብ፣ አባቱን እየሰማ መልቀቅ ተማረ። ቤት ሲገቡ ግን ቀይ ሩዙንና የበርበሬ ወጡን ጀርባውን ሰጥቷት ይበላል። «ጨው አለው?» ስትለው «አለው» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም።

ከግጥሚያው በፊት ናዶ ወደ ፔንጆር ሄዶ «ይግባ» አለ። ለምን እንደሆነ አላብራራም።

በአዲስ ዓመት ዕለት የሎብጂ ሴቶች ከዒላማው ጎን ተሰልፈው ጠበቁት። ጃምጾ ተራው ደርሶ ሲነሳ፣ አረንጓዴ የለበሰችው መሪያቸው ወደ ፊት ወጣችና አወረደችው፦

«አባቱ ጉልበት በልቶ አልጠገበም፤
ልጁ ደግሞ ጾሙን አያድርም!
ናዶ ሆይ፣ የቀረችህን እግር ደብቅ!»

መስኩ በሳቅ ተናወጠ። ናዶ ከሰው መሃል ወጥቶ እያነከሰ ሄደና ከዒላማው ጎን ቆመ። ከሁሉም ይልቅ ቀረበ። ድሮ በቆመበት ቦታ ላይ ነው የቆመው፤ ላዞም አወቀችው። ከዚያው ዳር ከመንደሯ ሴቶች ጋር ሆና እጅጌዋን ትነክስ ነበር። አሁን ቢስት፣ አለች በልቧ፣ አሁን ቢስት እዚያው ሰው ላይ ነው።

ጃምጾ ደጋኑን ዝቅ አድርጎ ወደ ሎብጂዎች ጮኸ።

«ይኸው ነው ያላችሁ? እናቴን ልላክላችሁና ታስተምራችሁ!»

የሁለቱም ወገን ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ ሳበ፤ ሙሉ ሲሆን ለቀቀ። እንጨቱ ጧ አለ። ፍላጻው የዒላማውን ጠርዝ፣ ከናዶ ወገብ አንድ ስንዝር ርቆ ይዟል። ናዶ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

የጌምካ ወንዶች ክብ ሠርተው ጨፈሩ። ጃምጾ መስኩን አቋርጦ ሲደርስ ናዶ ዒላማ ለመታ የሚሰጠውን ቀይ ሻሽ ወገቡ ላይ አሰረለት፤ አጥብቆ ስላሰረው ጃምጾ ትንፋሹን ዋጠ።

ላዞም ጎንበስ ብላ ቀረበች። «አፕ ናዶ፣ ውለታዎን…»

«ውለታ አትበዪኝ» አላት። «ሳንጌይን ይቅር አላልኩትም። ዛሬም አላልኩትም። ለሎብጂ እንዳንሸነፍ ብዬ ነው ያስተማርኩት። ቅቤሽ ደጄ ላይ ነው፣ አልነካሁትም። መጥተሽ ውሰጂ።» እያነከሰ ሄደ።

ጃምጾ ከእናቱ ጎን ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ዒላማው ላይ ነው።

«ስለ አባዬ ያልሽው» አለ። «ናዶ በይ ስላለሽ ነው?»

አዎ ብትለው ያበቃ ነበር። ለስድብ ብዬ ነው፣ ልጄ፣ ልትለው ትችል ነበር።

«አይደለም» አለች። «ስምህን ጠርቷል። ሦስት ሌሊት።»

ማዶ የሎብጂ ቀስተኛ ደጋኑን እያነሳ ነበር፤ የጌምካ ወንዶች ሊሰድቡት እየተጯጯሁ ወደ ዒላማው ተሰበሰቡ።

«ነይ» አለ ጃምጾ ሳያያት። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። «የእነሱ ተራ ነው። ከጎኔ ቁሚ፤ ፍላጻ ሲመጣ ግን ዞር በይ።»

ላዞም የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠች፣ ከልጇ ጎን ቆመች፣ ማዶ ላለው ሰውዬም አፏን ከፈተችለት።