ባዶ የማይሆነው ቅርጫት

ታላቅ ወንድምየው እንደሚለው ከሆነ ኮምፒውተሩን ያሳመመችው እህቱ ናት። ከዓመት ፈቃዷ በተመለሰች በማግስቱ ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ ፍላሽ ሰክታ ቫይረስ አስገባችበት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሰው አልሰማ አለ። የተጣለ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫት "ባዶ ሁን" ቢሉት በጄ አይልም። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ አንዲት ፕላን እንኳ አላትምም ብሏል።

እህትየው እንደምትለው ግን ያንን ኮምፒውተር በእጇ ከነካችው ሁለት ወር አልፏል። ፍላሽ የሚባል ነገር የላትም። እሷ ፈቃድ ላይ ሳለች በሩን ዘግቶ ሲሠራበት የሰነበተው ወንድሟ ራሱ ነው። ማሽኑ የታመመ እንደሆነም፣ መልእክት በወጣ ቁጥር ሳያነብ "እሺ" የምትለዋን የሚጫነው እሱ ነውና በሽታውን ከእጁ ይፈልግ።

ሁለቱንም በየተራ የምትሰማው የቢሮው ጸሐፊ ናት። የሰማችውን ሁሉ ሳታሳድር ስለምታሰራጭ ሬዲዮ ይሏታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። "እኔ ዳኛ አይደለሁም" አለች ሬዲዮ፣ "ግን እሷ ስትናገር እሱን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እሱ ሲናገር ግን መስኮቱን ነው የሚያየው። ከዚህ በላይ ምን ልበል?"

ቢሮው የቤት ፕላን የሚነደፍበት ሦስት ክፍል ነው። የመሠረቱት አባታቸው ናቸው። ዛሬ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ ሰክተው በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ እንጂ አይነድፉም። ሥራውን የሚመራው ልጃቸው ነው። ከደንበኛ የሚጨቃጨቀው፣ ጭቃ ረግጦ መሬት የሚለካው እሱ ነው። የምትነድፈው እህትየው ናት።

ሐሙስ ጠዋት ነው። በማግስቱ፣ አርብ፣ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ማመልከቻ መቀበል ያቆማል። እህትየው በራሷ ስም የተነደፉ አምስት ፕላኖች አትማ ማስገባት አለባት። በየፕላኑ ጥግ፣ በስተቀኝ ከታች፣ የነዳፊው ስም የሚጻፍባት ትንሽ ሳጥን አለች። በዚያች ሳጥን ውስጥ ስሟ ካልታየ፣ ስምንት ዓመት የነደፈችውን ቤት ሁሉ ሌላ ሰው የሠራው ያህል ነው። የዘንድሮው ካመለጣት ቀጣዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፕላኖቹ ደግሞ ያሉት በወንድሟ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በቢሮው ደንብ ያለቀ ሥራ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነውና።

"ጠጋኝ ጠርቻለሁ፣ ሰኞ ይመጣል" ብሏል ወንድሟ።

"ሰኞ? ጋሼ፣ አርብ እኮ ነው የሚዘጋው!"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጠጋኙን ልውለደው? አንቺ ብቻ እንዳትነኪው። ያደረግሽው ይበቃል።"

ይህን ብሎ መሬት ሊለካ ወጣ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ቆማ ቀረች። ባላደረገችው ተወቅሳ፣ ልታደርግ የምትችለውን ተከልክላ! አባትየው ከመስኮቱ በኩል ዞር አሉ።

"ምን ይገትርሻል? ግቢና እይው" አሏት።

"አትንኪ ብሎኛል፣ አባባ።"

"እኔ ንኪ ብየሻለሁ። ቤቱ የማን ነው?"

ገባች። ወንበሩ ለረጅም ሰው የተስተካከለ ስለሆነ እግሯ መሬት አልደርስ አላት፤ ዝቅ አደረገችው። "ቅርጫቱን ባዶ አድርግ" የሚለውን ተጫነች። መልእክት ወጣ። ወንድሟ ሃያ ጊዜ "እሺ" ብሎ ያባረረው መልእክት መሆኑ ነው። እሷ ግን አነበበችው። "የቤተ መጻሕፍቱ ፕላን ተቆልፏል። የተቆለፈ ፋይል ሊጠፋ አይችልም።"

ደግማ አነበበችው። ቫይረስም ሆነ ሌላ በሽታ የለም። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ቆልፍ የተባለውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ፋይል የሚቆልፍ ደግሞ በዚያ ቢሮ ከእሷ በቀር ማንም የለም። አባቷ በቀለም በሚነድፉበት ዘመን ያለቀ ፕላን መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበት ነበር። "ያለቀ ነገር ላይ እጅ ከበዛ ይበላሻል" ይላሉ። ኮምፒውተር ሲመጣ ወንድሟ መሳቢያውንም ምክሩንም ረሳ፤ እሷ ግን አንድ ፕላን በጨረሰች ቁጥር ፋይሉን መቆለፍ አልተወችም። ወንድሟ ይስቅባት ነበር። "አንቺ ደግሞ፣ ሌባ የሚመጣ መሰለሽ!"

ቅርጫቱን ከፈተች። የሦስት ሳምንት ጥራጊ ተከምሯል። ከጥራጊው መካከል አምስት ፋይሎች ከነቁልፋቸው ተቀምጠዋል፦ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ክሊኒኩ፣ መጋዘኑ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ ባለ አራት ፎቁ መኖሪያ። አምስቱም የእሷ ናቸው። የተጣሉት እሷ ፈቃድ ላይ በነበረችበት ሳምንት ነው።

የቢሮውን ማኅደር ከፈተች። አምስቱ ፕላኖች እዚያም አሉ፤ እነዚህ ግን አልተቆለፉም። ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተችው። ሰባት ጊዜ አፍርሳ የሠራችው ደረጃ፣ ፀሐይ መጽሐፍ እንዳያበላሽ ብላ ወደ ሰሜን ያዞረቻቸው መስኮቶች፣ ሁሉም በቦታው ነው። ዓይኗን ወደ ጥጉ ወሰደች። ነዳፊ በሚለው መስመር ላይ የወንድሟ ስም ተጽፏል። በጥድፊያ ስለተተካ ፊደሉ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ወደ ግራ ዘሟል። ከሁሉ ይልቅ ይህ አንገበገባት። መስረቁን ሰረቀ፤ ምናለ ቢያስተካክለው!

ሬዲዮ በሩ ላይ ብቅ አለች። "ተገኘ እንዴ ቫይረሱ?"

"ተገኘ። ቁመቱ ሜትር ከሰማንያ ነው።"

ሬዲዮ ገብታ ስክሪኑን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ እኮ... ባለፈው ሰኞ አምስት ፕላን አሽጌ ለፈቃድ ቢሮው ወስጃለሁ። ለደረጃ ዕድገት ነው ብሎኝ። አምስት የሚለውን ስሰማ እንኳ አልጠረጠርኩም። ቆይ፣ እነዚህ ናቸው?"

እህትየው የቀሩትን አራቱን በየተራ ከፈተች። በሁሉም ጥግ ላይ ያለው የወንድሟ ስም ነው።

ወንድምየው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጫማው ጭቃ እንደለበሰ ገባ። ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሲያይ ቀጥ አለ።

"ማን ንኪ አለሽ?"

"አባባ። ፍላሼን ልፈልግ ገብቼ ስሜን አገኘሁት፣ ጋሼ። ቆሻሻ ውስጥ!"

ወደ ስክሪኑ አየ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ። መስኮቱ ጋ ግን በዚህ መሃል የገቡት አባቱ ተቀምጠዋል።

"ስሚኝ" አለ። "ዘንድሮ ደረጃዬ ካላደገ ከእንግዲህ ከሁለት ፎቅ በላይ መንደፍ አይፈቀድልንም። ይህ ቢሮ ያልቅለታል። አንቺ የት ትነድፊያለሽ? ሬዲዮስ የት ትገባለች?"

"እኔን ተወኝ፣ እኔ ጣቢያ አላጣም" አለች ሬዲዮ ከበሩ።

"ታዲያ የራስህን አትነድፍም ነበር?" አለች እህትየው።

"መቼ? በየስብሰባው ማን ይቀመጥልሽ? በየጭቃው ማን ይግባልሽ? አንቺ ሰባት ጊዜ ደረጃ የምታፈርሺው እኮ እኔ ደንበኛውን 'ትንሽ ታገሠን' እያልኩ ስለምለምን ነው!"

እውነት አለው፤ ይህንን እሷም ታውቃለች። ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደውም፤ ጭራሽ አባሰው። "ብትለምነኝ አንዱን፣ ሁለቱን አብረን ነው የነደፍነው ብዬ እፈርምልህ ነበር። አንተ ግን ሰርቀህ፣ ጥለህ፣ ማሽኑ አልውጥም ሲልህ ቫይረስ አስገባች ብለህ አወራህብኝ!"

"ስም፣ ስም አትበይ! ሁለታችንም የምንጠራው በአባባ ስም ነው።"

"የአባባማ ከኋላ አለ። የተፋቀው ከፊት ያለው ነው።"

አባትየው በዚህ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ። "ተዪው" አሉ። "ስሙን እንዲያዞር የፈቀድኩለት እኔ ነኝ።"

 እሷ ወደ አባቷ የዞረችው ቀስ ብላ ነው።

"እርስዎ?"

"ለቤቱ አንድ ስም ይበቃል ብዬ ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይደርስልሻል።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አባባ! እርስዎ በዚህ ዕድሜ ቢሮ ከፍተው፣ ስምዎን በር ላይ ሰቅለው ነበር። እኔ ጥግ ላይ ብጻፍ በዛብኝ?"

 አባትየው ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። "ግን ጣልከው? ያለቀ ሥራ ከነቁልፉ ጣልክ? እኔ ቅዳ አልኩህ እንጂ ጣል አልኩህ?"

"ሁለት ቦታ ከተገኘ ጥያቄ ያመጣል ብዬ ነው!" ከዚያ ለእህቱ ድምፁን አለዘበ። "እባክሽ፣ ቁልፉን ፍቺና ይጥፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ራሴ ማመልከቻሽን ይዤ እሄዳለሁ። በልጆቼ እምላለሁ።"

ማውሱን ያዘች። ሦስቱም እጇን ያዩ ነበር። አምስቱን ፋይሎች አንድ ላይ መረጠችና ከቅርጫቱ አውጥታ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ከዚያ "ባዶ አድርግ" አለችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለው ቅርጫት በአንድ ትንፋሽ ባዶ ሆነ። ዲስኩ ላይ ቦታ ተገኘ። ቤተ መጻሕፍቱን ለማተሚያው ላከች፤ ማተሚያው አጉረምርሞ ሰፊውን ወረቀት መሳብ ጀመረ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ወንድሟ ፊቱ ዐመድ መሰለ። "አንድ ፕላን በሁለት ስም ከገባ ይመረምራሉ! ፋይሉ ላይ ያለው ቀን ያንቺ ነው የሚቀድመው፣ የሚሰርዙት እኔን ነው!"

"አውቃለሁ።"

"ቢሮው ይዘጋል እኮ፣ ልጄ" አሉ አባትየው።

ወረቀቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከወንበሩ ወርዳ አነሣችው፤ ቀለሙ እንዳይነካካ በሁለት ጠርዙ ያዘችው። 

"አምስቱንም ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በስሜ አስገባለሁ" አለች። "ጋሼ፣ ያንተን ማመልከቻ ዛሬ ከሰዓት ሄደህ ብታወጣ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ወሬ አይኖርም፤ ሬዲዮንም እኔ እይዛታለሁ። ካላወጣህ ግን፣ ሲጠይቁኝ አልዋሽልህም። አባባ ቢለምኑኝም፣ ቢሮው ቢዘጋም፣ አስገባለሁ።"