ከጥቁሩ ድንጋይ በታች

አለነ በድብ ባሕር ትምህርት ቤት ግቢ የውኃ ጉድጓድ መቆፈር የጀመረው በኅዳር 1955 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንጀራው ቁፋሮ ነው። ሦስት ክንድ ጥቁር አፈርና ስድስት ክንድ ቢጫ ሸክላ በሁለት ሳምንት አወጣ። ከዚያ ድጅኖው ጥቁር ድንጋይ መታ። ስምንት ቀን በመዶሻና በመሮ ሲፈልጥ ሰንብቶ የወረደው አንድ ክንድ ብቻ ሆነ።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ግራዝማች ዳኛው መጥተው አፋፉ ላይ ቆሙ።

"ይብቃ። ይህ አለት መጨረሻ የለውም፤ ሌላ ቦታ ይቆፈር" አሉ።

የሳይንስ መምህርቷ የዓለምወርቅ አብራቸው ነበረች። የጎንደር ደብተራ ልጅ ናት፤ ለማስተማር ከመጣች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ መሬት ውስጥ ታስተምር ነበር፤ ንብርብሩን ከመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

"ወርጄ ልየው" አለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በገመዱ ወረደች።

አለነ ታች ቦታ ለቀቀላት። ድንጋዩን በድጅኖው መታና "ስሚው" አላት። "እስከ ትናንት ድፍን ነበር። ዛሬ ድምፁ ተለወጠ። ከሥሩ ለስላሳ ነገር አለ።"

"አያ አለነ፣ የመሬትን ሆድ የሚያጠኑትም እንዲህ ነው የሚያውቁት።"

"ምነው፣ ወርደው አያዩትም?"

"ማንም አይደርስበትም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፤ እነሱ ማዶ ሆነው በመሣሪያ ያዳምጡታል። አንዱ ዓይነት ንዝረት ፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። እንዲህ እያዳመጡ ነው፣ ከወፍራሙ ትኩስ ድንጋይ በታች የቀለጠ ብረት፣ እመሐሉ ላይ ደግሞ ጠጣር ብረት መኖሩን ያወቁት።"

አለነ ጥቂት አሰበና "ሸጋ ጆሮ አላቸው" አለ።

የዓለምወርቅ እንደወጣች ግራዝማችን ሦስት ቀን እንዲታገሡ ለመነቻቸው።

"መጽሐፍሽ ነው እንዲህ ያለሽ?"

"የአያ አለነ ጆሮ ነው። መጽሐፉም ይስማማል፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ቀልጦ እየፈሰሰ የተደራረበ ነው። በመካከሉ አፈር ይገኛል።"

"እንግዲያው ሦስት ቀን" አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድጅኖው ዘልቆ ገባ። አለነ ቀይ አፈር በቅርጫት ሞልቶ ላከና ተከትሎ ወጣ። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ግን እንደ ገል የጠነከረ ጓል አለበት።

"ይህን እሳት ነክቶታል" አላት ለመምህርቷ። "የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ሥራ ይመስላል።"

"ድንጋዩ ትኩስ ሆኖ ሲፈስበት ጠበሰው። ያኔ ይህ የላይኛው መሬት ነበር። ሣር በቅሎበት ይሆናል።"

"የማን መሬት ነበር?"

"ሰው ገና አልተፈጠረም ነበር፣ አያ።"

አለነ ጓሉን በመዳፉ ላይ እያገላበጠ አየው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ አፈር እያወጣ ሲደፋ ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ያየ ሜዳ ነው ብሎ አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ከጉልበት በላይ ውኃ ተኝቶ ተገኘ። ግራዝማች ቀድመው ቀመሱና "ብረት ብረት ይላል" አሉ፤ ደግመው ግን ጠጡ።

አለነ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ገንብቶ ሲጨርስ መምህርቷን ሊሰናበት ክፍሏ ድረስ ሄደ። ሰሌዳው ላይ የሣለችውን የመሬት ክብ እያየ እስከ መሐሉ ስንት ክንድ እንደሚሆን ጠየቃት። አስልታ፣ ወደ አሥራ ሦስት ሚሊዮን ነው አለችው።

"እኔ እስከ ዛሬ የቆፈርሁት ቢደመር አንድ ሺህም አይሞላ" አለና ሳቀ።

መካነ ብርሃን ላይ ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀው ነበር። ድጅኖውን ተሸክሞ በዚያው ዕለት መንገድ ጀመረ።