በጎራዴው ጀርባ ላይ ያሉት ሦስት ጠባሳዎች

ሚስቴ ቶሞኤ «ጎራዴ ልገዛ ነው» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማንን ልታርጂበት?» የሚል ነበር።

እሷ መላጫዋን መሳያ ቆዳው ላይ እያፋተገች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እንደ ሁኔታው ነው» አለችኝ።

ቶሞኤ ሂናሴ ወደብ አጠገብ ፀጉር ቤት አላት። ፀጉር ትቆርጣለች፣ ጢም ትላጫለች። እኔ ጌንዞ እባላለሁ፤ እዚያው ባሕር ላይ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ አረባለሁ። ጎራዴ የሚባል ነገር በእኔም ሆነ በእሷ ቤተሰብ ታይቶ አይታወቅም። ነገሩ የጀመረው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው። ኦሳፉኔ ከተማ የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄዳ ዝናብ ያዛትና ለመጠለል ብላ የጎራዴ ሙዚየም ገባች። ዝናቡ አባራ፣ የተጠለለው ሁሉ ወጣ፤ እሷ ግን አንድ ጎራዴ ፊት ተገትራ ቀረች። ዘበኛው «እመቤት፣ ልንዘጋ ነው» ባይላት ኖሮ እዚያው ታድር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በመጽሐፍ ተሞላ። እኔ ሾርባዬን ስጠጣ እሷ አዋቂዎች የብረት ቆዳ ስለሚሉት የጎራዴ ገጽ ታወራለች። አንድ ቀን «ይሄ ሁሉ መጽሐፍ የሚያወራው መሳፍንት ስለታጠቁት ጎራዴ ነው። እኛ የምንችለው ርካሹን ነው። ምን ይጠቅምሻል?» አልኳት።

«ውዱንማ አዋቂዎች አይተው መስክረውለታል» አለች። «ርካሹን የሚያይልህ የለም። እውቀት የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።»

ጥር ላይ፣ ነፋሱ ጀልባ አላስወጣ ባለበት ቀን፣ አብረን ጋሽ ሙካይ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ሙካይ ኦሳፉኔ ውስጥ ትንሽ የጎራዴ ሱቅ ያላቸው፣ ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው። በነገር ይወጋሉ፣ ወግተው ደግሞ ራሳቸው ይስቃሉ።

«ጀማሪ ነሽ?» አሏት።

«አዎ፣ ጋሼ። ገና አንድም ይዤ አላውቅም።»

«ጎሽ! እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ሲገባ አዋቂ ነው፤ ጀማሪ የሚሆነው ሲወጣ ነው።»

ወፍራም ጨርቅ ዘርግተው ሦስት ጎራዴዎች አስቀመጡላት። ሦስቱም አሮጌ፣ ሦስቱም የምዝገባ ወረቀት ያላቸው፣ ሦስቱም እኛ ከምንችለው ዋጋ ብዙ የማይርቁ ናቸው።

ቶሞኤ ለመጀመሪያው እጅ ነሣች። ስለቱን ወደ ሰማይ አድርጋ ከአፎቱ ቀስ ብላ ሳበችው። ትንፋሿ ብረቱን እንዳይነካው ከንፈሯን ገጥማ ስለነበር እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ዋጥኩ። ጋሽ ሙካይ የቀርከሃዋን ችንካር ገፍተው እጀታውን አወለቁና ውስጥ የሚቀረውን ጭራ አሳዩዋት። ጭራው ላይ የአንድ ስመ ጥር ሠሪ ስም ተቀርጿል። እኔ እንኳ የማውቀው ስም ነው።

ቶሞኤ ወደ መስኮቱ አዙራ ረጅም ጊዜ አየችው። «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለች። «የጭራው ዝገት ጥቁር ነው። ፊደሎቹ ውስጥ ግን እንደ አዲስ ዝገት ቀላ ይላል። ደግሞ ይሄ ስም እውነት ከሆነ፣ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት አብደው ነው።»

«ያበድኩ እመስላለሁ?»

«አይመስሉም።»

«እንግዲያው ስሙ ውሸት ነው። ባትጠይቂም እነግርሽ ነበር፤ ግን ሳልነግርሽ በማየትሽ ደስ ብሎኛል።»

ሁለተኛው በጣም ያምር ነበር። ቶሞኤ ገና ስታየው ጉንጯ ቀላ፤ ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር የማውቀው ምልክት ነው፣ ልትገዛው ነው። ከስለቱ ጫፍ አጠገብ ቀጭን ነገር አይታ በለስላሳ ወረቀት ልትጠርገው ሞከረች። አልጠረግ አላት።

«ፀጉር መሰለኝ» አለች።

«ፀጉርማ የአንቺ ሙያ ነው። እሱ ስንጥቅ ነው» አሉ ጋሽ ሙካይ። «ሆዱ ላይ ብረቱ ትንሽ ቢከፈት ይታለፋል፤ ያረጀ ነገር ነው፣ እኔም ተከፍቻለሁ። ስለቱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ያለው ጎራዴ ግን የሞተ ነው። ቢያምርም ሬሳ ነው።»

ቶሞኤ አዝና መልሳ ከተተችው።

ከሦስተኛው ብዙም አልጠበቅንም። አጠር ያለ፣ ስም የሌለው፣ የእጀታው ክር የነተበ ነገር ነው። ቶሞኤ ዓይኗን ከጀርባው ጋር አስተካክላ እስከ ጫፉ ተመለከተችና «ጠሟል» አለች።

«አልጠመመም» አሉ ጋሽ ሙካይ። «የጠመመው አንገትሽ ነው። ቀና በይ።»

ቀና አለች። ጎራዴውም አብሮ ቀና አለ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ግን መስኮቱ ዘንድ ወሰደችው። ስለቱን ብርሃኑ ላይ ቀስ እያደረገች ስታንቀሳቅሰው ለእኔም ታየኝ። ማዕበል ከአሸዋ ላይ ሲመለስ ትቶት የሚሄደውን አረፋ ታውቃላችሁ? በስለቱ ላይ ከእጀታው እስከ ጫፉ እንደዚያ ያለ ነጭ መስመር ይሄዳል። ሳይቋረጥ ይሄዳል። ጭራው ወጥ ጥቁር ነው፤ ሁለት የችንካር ቀዳዳ አለው፤ አንድ ዘመን ላይ አጭር ሰው እጅ ገብቶ እንዲመጥነው ተቆርጧል ማለት ነው። ዋጋው እኔ ከገዛኋት ያገለገለች ትንሽ የጭነት መኪና ያንሳል።

«ይሄስ ምንድነው?» አለች ቶሞኤ። በጀርባው ላይ፣ መሀሉ አካባቢ፣ ሦስት ጠባሳዎች ተጠጋግተው ይታያሉ።

የጋሽ ሙካይ ድምፅ ሞቅ አለ። «እሱ ክብሩ ነው! የጦር ሜዳ ጠባሳ። ባለቤቱ የጠላትን ጎራዴ በጀርባው መክቶበታል። ሰብሳቢዎች ይሄን ሲያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ባይኖርበት በዝቅተኛ ዋጋ እሸጥልሽ ነበር።»

ቶሞኤ ዓይኗን አላነሣችም። «ጠላቱ ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የመታው? ሚስማር እየመታ ነበር እንዴ?»

«እ?»

«ስለት የመታው ብረት ጠባብና ጥልቅ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። መላጫዬ የብረት ጠርዝ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ይሄ ግን ሰፊ ነው፤ ተጨፍልቋል።»

«ጦርነት ላይ ልኬት የለም» አሉ ጋሽ ሙካይ። «ጎራዴውን ግዢ፣ ጥያቄውን ተዪው።»

ሳትገዛ ወጣን። ወደደችው፤ ግን ሳታውቅ መውሰድ አልሆንላት አለ። ሳምንቱን ሙሉ ፀጉር ቤቱ የጦር አማካሪዎች ጉባኤ ሆነ። ጢሙ አረፋ የተቀባ ሁሉ የራሱን ሐሳብ ይሰጣል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ «የጦር ቁር ነው የመታው» ይላል፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ «በጀርባው አይመቱም፣ ሞኝ» ይለዋል። ቶሞኤ ስለቷን ጉሮሯቸው ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

በመጨረሻ ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ ከማን እንደገዙት ይንገሩኝ።»

«ለምን? እውነቱን አውቀሽ ዋጋው ቢወርድ ተጎጂው እኔ ነኝ።»

«ቢወርድ ለእኔ ደግ ነው፤ ቢወጣ ለእርስዎ። ሁለታችንም አናውቅምና እንወቀው።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማሁ። «እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ የገዛሁት ከባለቤቶቹ የልጅ ልጅ ነው። ቆይ፣ ሰዎቹን ላስፈቅድ።»

የቀድሞ ባለቤቶቹ ከዋኬ ከተማ ወዲያ፣ ተራራ ሥር ያለች መንደር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አንድ ባልዲ ኦይስተር ይዘን ሄድን። የቤቱ ምራት ሻይና በጨው የተቀመመ ፕለም አቀረበችልን። የቤቱ እናት እማማ ፉኪኖ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እግራቸውን ብርድ ልብስ በለበሰው ማሞቂያ ጠረጴዛ ሥር ከተው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

ቶሞኤ አንገቷን ሰብራ፣ «እማማ፣ የጎራዴው ጀርባ ላይ ስላሉት ጠባሳዎች ልጠይቅዎ ነበር። ጦር ሜዳ ያገኘው ነው ይላሉ» አለች።

«ምን ያገኘው?»

«ጦር ሜዳ!» አለች ምራቲቱ ጆሯቸው ሥር።

እማማ ፉኪኖ መጀመሪያ ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው።

«ሞቺ ነው» አሉ። «የሞቺ ጠባሳ ነው፣ ልጄ።»

ሞቺ ከተወቀጠ ሩዝ የሚሠራ ድፍን ቂጣ ነው፤ የነገሩን ደግሞ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለመንግሥት ብረት አምጡ ተብሎ ድስቱም፣ የኩሽናው ቢላዋም፣ የቤተ መቅደሱ ደወልም ሄደ። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ። አያታቸው ግን ጎራዴውን በዘይት ወረቀት ጠቅልለው የሳር ጣሪያው ውስጥ ሸጎጡት። አባታቸው ከደቡብ ባሕር ጦር ግንባር ገና አልተመለሱም። ያኔ ፉኪኖ የአሥር ዓመት ልጅ ናቸው። ለአዲስ ዓመት አጎታቸው የሰጧቸውን ሩዝ እናታቸው ወቅጠው ሞቺ ሠሩ፤ ትልቁን ለክፉ ቀን ብለው አስቀመጡት። በየካቲት የሚበላ ጠፋ። ሞቺው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ቤት ውስጥ ያለችው ጫፏ የተሰበረች ሚጢጢ ካራ ብቻ ናት።

«እናቴ ምንም ሳትናገር መሰላል አቁማ ወጣች» አሉ እማማ። «ጎራዴውን አወረደች። ሞቺውን እኔ በሁለት እጄ ያዝኩ። ስለቱን እላዩ ላይ አስቀመጠችና በመጥረቢያ ጀርባ ጎራዴውን ጀርባውን ጓ! ጓ! ጓ! እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ስገልጥ ሞቺው ለሁለት ተከፍሏል።»

«አያትዎስ?» አለች ቶሞኤ።

«አያቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ተጠብሶ ሲመጣ ግን በሉ።»

«አባትዎስ ሲመለሱ?»

እማማ ፉኪኖ ሳቃቸውን አቆሙ። «አባቴ በዓመቱ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ። ጎራዴውን አምጡልኝ አለ። ከአፎቱ መዝዞ አየው። ‹ምን ነካው?› አለ። እናቴ መሬት መሬት እያየች ‹ሞቺ› አለች። ጠባሳዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ‹ተቆረጠ?› አላት። ‹ተቆረጠ› አለች። ‹እንግዲያው ደህና ጎራዴ ነው› ብሎ መልሶ ከተተው። በሕይወቱ ሁለተኛ አላነሣውም።»

በመኪና ስንመለስ ቶሞኤ መንገዱን ብቻ ታይ ነበር። ወደ ቤት የሚወስደውን መገንጠያ ልይዝ ስል «በኦሳፉኔ በኩል» አለችኝ።

ጋሽ ሙካይ ታሪኩን ቆመው ሰሙ። ሲያልቅ ግንባራቸውን ያዙ። «ስንቱን ሰው በጦርነት ሳስደምም ከርሜ ሞቺ ታመጪብኛለሽ?»

«እውነቱ እሱ ነው፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ነውሩ የእኔ ነው። ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው አወራሁሽ። ደስ የሚል ወሬ ሆኖብኝ ነው።» ጎራዴውን አውጥተው ጠባሳዎቹን እንደገና አዩ፤ ይህን ጊዜ እንደ ሻጭ አላዩም። «የሚገርመው ስለቱ ምንም አልሆነም። በመጥረቢያ ተመትቶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር ቆርጦ አንድ ጥርስ አልወለቀም። ይሄን ነበር አስቀድሜ ልነግርሽ የሚገባኝ።» ከዚያ ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። «የጦርነቱን ዋጋ ልቀንስልሽ።»

«የሞቺውንስ አይጨምሩም?»

«ሞቺ በነፃ ነው።»

ገዛችው። ጎራዴው በስሟ እንዲዛወር የሚላከውን ወረቀት ላከች። በየወሩ የሚሰበሰቡት የአካባቢው ጎራዴ ወዳጆች ዘንድም ይዛው ሄደች። መጀመሪያ ጠባሳውን አይተው ሲያደንቁ ዝም አለቻቸው፤ ከዚያ ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ ፊታቸው ጠቆረ። አንድ ሽማግሌ ግን ጎራዴውን እንደገና ተቀብለው ከቅድሙ ይልቅ ረጅም ጊዜ አዩት።

ሚያዝያ ገብቶ የኦይስተሩ ሥራ ሲያልቅ ጎራዴውን ይዘን እማማ ፉኪኖ ቤት ተመለስን። ቶሞኤ መስኮቱ አጠገብ ተንበርክካ ከአፎቱ አወጣችው። እማማ እንዲይዙት ብትለምናቸው ይከብደኛል ብለው እምቢ አሉ፤ እሷ ያዘችላቸውና በብርሃኑ ላይ ቀስ እያደረገች አዘነበለችው። ነጩ መስመር ከእጀታው ተነሥቶ እስከ ጫፉ ሮጠ።

እማማ ፉኪኖ አንገታቸውን አስግገው ቀረቡ። ትንፋሻቸው ብረቱን እንዳይነካው ምራቲቱ ቶሎ ብላ አፋቸው ላይ መሀረብ ያዘችላቸው።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ከመሀረቡ ሥር። «ይሄ ማዕበል የሚመስለው?»

«ሲሠሩት ነው፣ እማማ። ከእሳት አውጥተው ውኃ ውስጥ ሲነክሩት የሚወጣ ነው።»

«ያኔም ነበረ?»

«ከተሠራበት ቀን ጀምሮ።»

አሮጊቷ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «አንድም ቀን አላየነውም» አሉ በመጨረሻ። «የምናየው ጀርባውን ነበር።» ከዚያ በጣታቸው፣ ብረቱን ሳይነኩ፣ መስመሩን በአየር ላይ ተከተሉት። «እስቲ ገልብጪው። ከወዲያኛው በኩልም አለ?»

ቶሞኤ ገለበጠችው።