የሚዘፍነው ብረት

ባሏን ሰፈርተኛው ሁሉ ባሌስትራው ይለዋል። ከአሮጌ መኪና ሥር ባሌስትራ እየፈታ፣ እሱን እየቀጠቀጠ ቢላ ሲሠራ ነው ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው። ታዲያ አሮጌ ብረት እንደ ሰው ነው፤ የውስጡን የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። ስንት ዘመን ጭነት ተሸክሞ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ይሆናል። ስለዚህ እሳት ሳያስገባው በገመድ ያንጠለጥልና በመዶሻ መታ ያደርገዋል። ጤነኛው እንደ ደወል ይዘፍናል። የተሰነጠቀው "ጠፍ" ብሎ ዝም። ዝም ያለው ይጣላል።

የዚያን ቀን ሚስቱ ምሳውን ይዛለት በጓሮ በር ገባች። ጀርባውን ሰጥቷት አንዱን መታ። "ጠፍ" አለ፣ እንደ ነቃ ሸክላ።

"ዘፈነ የኔ ጌታ!" አለና ከደህናዎቹ ላይ ደረበው።

የቀለደ መሰላት።

"አንተ ሰውዬ!" አለችው። ዝም። "ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል!" ዝም። "እሳት! ቤቱ ተቃጠለ!"

ጎረቤቷ ከአጥር ወዲያ "የት? የት ነው እሳቱ?" ብላ ጮኸች። ባሏ ግን ብረቱን ይደባብሳል።

ክው ብላ ቀረች። ሰሞኑን ዓይን ዓይኗን እያየ "እሺ፣ እሺ" ሲላት፣ በስተርጅና ፍቅር ጀመረው ብላ ፈጣሪዋን ስታመሰግን ነበር የከረመችው። ለካ የሚያየው ከንፈሯን ነው!

ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አላትና ልቧ ስንጥቅ አለ። ሥጋ ቤት የሚሠራው ትልቁ ልጇ በቀደም ከአባቱ አዲስ ቢላ ወስዷል። ያውም ለአጥንት!

ምሳውን እዚያው ጥላ ሮጠች። ስትደርስ ልጁ ቢላውን ከፍ አድርጎ ይዟል።

"ጣለው!"

"እማዬ! ምነው፣ ሰው ሞተ?"

ነጠቀችውና የበሩ ድንጋይ ላይ በጎኑ መታችው። ከመሐሉ ቀጭ! ስባሪው ተፈናጥሮ በልጁ ጆሮ አጠገብ አለፈና ከኋላው ያለው የእንጨት ግድግዳ ላይ ተተከለ። ሥጋ ሊገዛ የቆመው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጁ ጆሮውን ነካ አደረገና እጁን አየ። ደም የለም።

"የአባዬ ቢላ እኮ ነው" አለ።

ሁለቱን ስባሪ ይዛ ተመለሰችና ባሏ ፊት አስቀመጠች።

"የማን ነው?"

"የልጅህ" አለች፣ ከንፈሯን ቀስ ብላ እያንቀሳቀሰች።

ፊቱ አመድ መሰለ። "ልጄስ?"

"አምላክ አተረፈው። ምነው አልነገርከኝ?"

"ባሌስትራው ደነቆረ ከተባለ ማን ቢላ ያሠራኛል? በጣቴ ንዝረቱን የማውቀው መስሎኝ…"

ተነሥቶ ደህና ብሎ የደረደረውን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈው። አንዱን አንሥቶ አንጠለጠለና መታ። ከዚያ ዞሮ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኗን አያት።

"ዘፈነ?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።