ኮቱ ሲሾም

ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ካሜራ ሰው እንዲለይ በማስተማር ነው። ፈጣሪውን አስቀድሞ ይወቅ ብለው የገዛ ፎቷቸውን ያለ ልክ አጎረሱት። ታዲያ በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ የለበሱት ያንኑ ቡናማ ኮት ነበር፤ ልብስ መምረጥ ሥራ ያስፈታል ባይ ናቸው። ካሜራው በዩኒቨርሲቲው በሮች ሁሉ ላይ ተተከለ። እሳቸውም በየስብሰባው «ማሽኔ አይሳሳትም» እያሉ ደረታቸውን ነፉ።

ሙሉ ፕሮፌሰርነታቸው የሚጸድቅበት ቀን መጣ። ያቺን ማዕረግ ሲመኟት ፀጉራቸው አልቋል። ሚስታቸው ለክብሩ ብላ ኮቱን ላውንደሪ ሰጠች፤ በቀጥታ ሹመቱ የሚጸድቅበት አዳራሽ ድረስ አድርሱልኝ ብላም አዘዘች። የላውንደሪዋ ሠራተኛ ኮቱን በመስቀያው ከፍ አድርጋ ብቅ ስትል በሩ «እንኳን ደህና መጡ ፕሮፌሰር» ብሎ ወለል አለ። ፊት ወንበር ላይ አንጠልጥላው ሄደች።

ፕሮፌሰሩ በሸሚዝ ከተፍ ሲሉ በሩ «አላወቅንዎትም» አላቸው። ፊታቸውን አስጠጉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ወይ ፍንክች! በሩን በቡጢ ሲደበድቡ የትናንት ተማሪያቸው፣ የዛሬው ዲን፣ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ፕሮፌሰሩ እኮ ውስጥ ናቸው። ስክሪኑ ተገኝተዋል ይላል።»

«አንተ ልጅ፣ ያ ኮቴ ነው! እኔን አታውቀኝም?»

ዲኑ ማጅራቱን አከከ። «እኔማ አውቅዎታለሁ። ግን ማሽኑ ተሳስቷል ካልን የሚያሾምዎት ሥራ ገደል ገባ። አልተሳሳተም ካልን ደግሞ ፕሮፌሰሩ ወንበራቸው ላይ ናቸው። የቱን እንበል?»

ፕሮፌሰሩን ላብ አጠመቃቸው። የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በገዛ አፋቸው ማዋረድ አልሆነላቸውም። «አይሳሳትም» አሉ በሰለለ ድምፅ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ጭብጨባው ቀለጠ። ኮቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ተሾመ።

ቤታቸው ደርሰው ገና ሳያንኳኩ ሚስታቸው ከፈተች።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«በሳልህ ነዋ! ከደረጃው ሥር ጀምሮ ይሰማል። ኮትህስ?»

«ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች፤ ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻቸው።

በማግስቱ በዚያው ሹራብ ሥራ ሄዱ።

«አላወቅንዎትም» አለ በሩ።

ፕሮፌሰሩ ግራ ቀኝ አዩ። ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው፣ ምናልባት ብለው፣ ያቺኑ ሳላቸውን አሰሙት። በሩ ዝም።

«አይ ልጄ፣ ዋናውን ሳላስተምርህ ቀረሁ» አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።